«24 ሰዓት አይለቅም» ተብሎ ለሚሸጠው የሙሽራ ሜካፕ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ሰርጋችሁ ከዳግማ ትንሳኤ በኋላ ነው? ቦታውስ አርባ ምንጭ፣ ድሬዳዋ፣ ጋምቤላ ወይም ሌላ ሞቃት ከተማ? እንግዲያው ለሜካፕ ገንዘብ ከማስተላለፋችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

የአክስቴ ልጅ ሚያዝያ ውስጥ አርባ ምንጭ ተዳረች። የምትሠራው አዲስ አበባ ስለሆነ ሜካፑንም እዚሁ ከአንድ ሳሎን ጋር ተዋዋለች። ሳሎኑ ላይ ያቀረበችው አቤቱታ ገና እየታየ ስለሆነ ስሙን አልጽፍም። የሸጡላት ነገር ግን ቲክቶክ ላይ በየቀኑ የምታዩት ነው። «ላብ፣ ውሃ፣ እንባ የማይነካው፣ 24 ሰዓት የሚቆይ የሙሽራ ሜካፕ»። ለሞቃት አገር ልዩ ዕቃ ያስፈልጋል ተብሎ ከመደበኛው ዋጋ ላይ ግማሽ ያህል ተጨመረባት። የአውሮፕላን ትኬቱና የሆቴሉ አልጋም በሙሽሪት። ግማሹ በቀብድ፣ ቀሪው ከሰርጉ በፊት ባለው ሳምንት።

ሙከራው ሳሎኑ ውስጥ ተሠራ። አማረባት፣ አልዋሽም። የሠራቻት የሳሎኑ ባለቤት ራሷ ናት። ጠረጴዛው ላይ የተደረደረው ሁሉ ስሙ የታወቀ ውድ ዕቃ ነው። ሪንግ ላይቱ (ክቡ የቪዲዮ መብራት) በራ፣ ቪዲዮ ተቀረጸ፣ «የኔ ቆንጆ፣ ብትዋኚበትም አይለቅም» ተባለች። እሷም ቤቷ ገብታ ማታ ታጠበችው። በአዲስ አበባ አየር ምን ሊለቅ? ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። አርባ ምንጭ ግን 1,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ አባያና ጫሞ ሐይቆች አጠገብ ነው ያለችው። ሚያዝያ ደግሞ እዚያ ደህና ዝናብ የሚጥልበት ወር ነው። ሙቀቱ ላይ እርጥበት ተጨመረ ማለት ነው።

ጣጣው ያለው እርጥበቱ ላይ ነው። ደረቅ ሙቀት ላይ ላብ ወዲያው ይተናል። አየሩ በውሃ ሲጠግብ ግን ላቡ መሄጃ ያጣል፤ ፊት ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀመጣል። «ውሃ የማይነካው» የሚባለው ዕቃ የሚመክተው ከላይ የሚመጣን ውሃ ነው። ላብ የሚመጣው ከሥር ነው፤ እየገፋ ያነሳዋል። የፊት ወዝ ሲጨመርበት ደግሞ አበቃ፤ እነዚህን ዕቃዎች የሚያሟሟቸው ቅባት ነው። ማታ ድርቅ ያለ ማስካራ የምናስለቅቀው በዘይት አይደል?

በዚያ ላይ የሐበሻ ሰርግ ነው። ሙሽራዋ የወላጆቿን ጉልበት ስትስም ታለቅሳለች። ዘመድ ሁሉ ጉንጯን እያገላበጠ ሦስት አራት ጊዜ ይስማታል። ጉርሻ አለ፤ የዶሮ ወጡ ቅባት ሊፕስቲኩን ይዞት ይሄዳል። ጭፈራው አለ። ይህን ሁሉ ችሎ ሳይነካ 24 ሰዓት የሚቆይ ሜካፕ የለም። ጥሩ ባለሙያ ይህን ታውቃለች፣ ቀድማም ትነግራችኋለች። እኔ የምጠረጥረው «በፍጹም አይለቅም» ብላ የምትምለዋን ነው።

የሰርጉ ዕለት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ሆቴሉ ስንደርስ የሳሎኑ ባለቤት የለችም። የመጣችው ረዳቷ ናት። «ማዳም ሌላ ሙሽራ ስላለባት ነው፤ እኔም ያው ነኝ» አለች። በዚያ ሰዓት ምን ይባላል? ሙሽራ ይዞ ጸብ አይነሳም። እነሱም ይህን ያውቃሉ።

ቦርሳዋ ሲከፈት በሙከራው ጊዜ ያየናቸው ዕቃዎች አብዛኞቹ የሉም። ፋውንዴሽኑ (ፊትን አንድ መልክ የሚያደርገው ቅብ) ምንም ያልተጻፈበት የፕላስቲክ ብልቃጥ ውስጥ ተገልብጧል። «ለጉዞ እንዲመች ነው» ተባልን። በእርግጥ ባለሙያዎች ለጉዞ ይገለብጣሉ። ግን ከምን እንደተገለበጠ በምን ይታወቃል? ፕራይመሩ (ከፋውንዴሽኑ በፊት የሚቀባው) በጣት ሲነካ የሚያንሸራትት፣ የሲሊኮን ነው። ፋውንዴሽኑ ቀጭን፣ ውሃማ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ አፍንጫዋ ጥግና አገጯ ላይ እንደ ላጲስ ፍርፋሪ ይንከባለል ጀመር። ረዳቷ በስፖንጅ እየተጫነች ሌላ ደረበችበት። የሲሊኮን ፕራይመር የሲሊኮን ፋውንዴሽን ይፈልጋል፤ የውሃውም የውሃ። ዕቃው ጀርባ ላይ ካሉት የመጀመሪያ ስሞች መካከል «ዳይሜቲኮን» ወይም በ«ሲሎክሳን» የሚያልቅ ካያችሁ ሲሊኮን አለበት። ይህ የሙያው ሀሁ ነው።

ማሳረጊያው ግን የባሰ ነበር። ሜካፑን እንዲይዝ መጨረሻ ላይ የሚነፋውን ሴቲንግ ስፕሬይ አልያዘችም። የፀጉር ስፕሬይ አወጣችና «ዓይንሽን ጨፍኚ» ብላ ፊቷ ላይ ነፋችባት። ጣሳው ላይ «ከዓይን አርቁ» የሚል ተጽፏል፤ እኔ እሱን አንብቤ እስክጨርስ እሷ ጨርሳለች። የፀጉር ስፕሬይ ብዙ አልኮልና ፀጉር ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ሙጫ ነው። ፊት ላይ ሲደርቅ ይወጥራል፤ ሲስቁበት ይሰነጠቃል። ሙሽራዋ ገና ከመስታወቱ ፊት ሳትነሳ ዓይኗ ቀላ፣ እንባዋ መጣ። ያ ሁሉ የዓይን ሥራ ገና ጎህ ሳይቀድ እየፈሰሰ ነበር። ትክክለኛው ሴቲንግ ስፕሬይ ለፊት ተብሎ የተሠራ ነው፤ ሲደርቅ ስስ ሽፋን ይሠራል። ደግሞ ሁሉም «ስፕሬይ» እሱ እንዳይመስላችሁ። ውሃና ግሊሰሪን ብቻ የሆነው ፊት ያረጥባል እንጂ ምንም አይይዝም።

ረዳቷ ጠዋት 3 ሰዓት ሳይሞላ «በረራ አለብኝ» ብላ ሻንጣዋን ዘጋች። ቀኑን ሙሉ አብሮ ውሎ የሚያስተካክል ሰው በፓኬጁ ውስጥ የለም ተባልን። እሱ ለብቻው ይከፈላል። ማንም ቀድሞ አልነገረንም።

ከዚያ በኋላ ያለውን መገመት ትችላላችሁ። «አናስገባም ሰርገኛ» እየተባለ ከላይኛው ከንፈሯ በላይ ላቡ ፍጥጥ ብሎ ይታይ ነበር። አንዷ ሚዜ ደንግጣ ላቡ ላይ ፓውደር ነሰነሰችበት፤ ተለወሰ። (ይህን አታድርጉ። መጀመሪያ ሶፍት ጫን አድርጋችሁ ላቡን አድርቁ፣ አትፈትጉት። ፓውደሩ ከዚያ በኋላ በስሱ ነው።) ምሳ ላይ አዳራሹ ውስጥ መብራት ጠፋ፤ ማራገቢያው ቆመ። አንገቷ ላይ የወረደው ፋውንዴሽን የቬሎውን ጠርዝ ቡኒ አደረገው። ቬሎው የኪራይ ነው። አከራዮቹ ከማስያዣው ላይ የእጥበት ብለው ቆረጡ። ይህም የሜካፑ ዋጋ ላይ ይደመር።

ፎቶው ሲመጣ ሌላ ጉድ። ማታ በፍላሽ የተነሳው ሁሉ ላይ ግንባሯና ከዓይኗ ሥር ያለው ቦታ ነጭ ነው፤ አንገቷ የራሷ መልክ። ይህን የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ሲሊካ ያለበት ያ ነጭ ፓውደር ነው። በዓይን ሲታይ ቀለም የለውም፤ ፍላሽ ሲያርፍበት ግን መልሶ ያበራል። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ወይም ዚንክ ኦክሳይድ የበዛበት የፀሐይ መከላከያም እንዲሁ ያደርጋል። ለዚህ መድኃኒቱ ነጻ ነው። ሙከራው ላይ መብራት አጥፍታችሁ በስልካችሁ ፍላሽ ፎቶ ተነሱ። በሪንግ ላይት የተቀረጸ ቪዲዮ ይህን አያሳይም።

ሙሽራዋ ገንዘቧን ስትጠይቅ የሳሎኑ ባለቤት ምን ብትል ጥሩ ነው? «እህቴ፣ ሙቀቱን እኛ አላመጣነውም።» ለሙቀቱ ተብሎ ግማሽ ዋጋ የጨመረች ሴት ናት ይህን የምትለው! ቀጥላ «ለልጅሽ ልደት በነጻ እንሠራልሻለን» አለች። ገና ልጅ የላትም።

እዚህ ላይ ስለ ቀብድ ትንሽ ልበል፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። «ቀብድ አይመለስም» የሚል ወረቀት በየሳሎኑ ተለጥፏል። ሕጉ የሚለው ግን ሁለት ወገን አለው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ሲያፈርስ ቀብዱን ያጣል። ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ሲያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ማንም ግድግዳ ላይ አይለጥፈውም። ሳሎኑ ሰርጋችሁ ሳምንት ሲቀረው «ሌላ ሥራ ስለደረሰብን አንችልም» ቢላችሁ የምትጠይቁት ቀብዳችሁን ብቻ አይደለም። ሰው ቀይሮ መላክ ግን ያከራክራል። ውሉ ላይ የባለሙያዋ ስም ከሌለ «ሳሎኑ ሰው ልኳል» ይሏችኋል። የእኛው ሳሎን ያለውም እሱኑ ነው።

የሸማቾች ጥበቃ አዋጅም አለ፤ አዋጅ ቁጥር 813/2006። ሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ ጉዳት ሲደርስበትም ካሳ የመጠየቅ መብት አለው። ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያም ክልክል ነው። አቤቱታ የሚቀርበው ንግድ ቢሮ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ከክፍለ ከተማው ጀምሩ። ግን ባዶ እጅ አይኬድም። የአክስቴ ልጅ እጅ ላይ የቴሌብር ማስተላለፊያ መልእክትና የሳሎኑ ቪዲዮ ነበር። ደረሰኝ አልተሰጣትም። ቪዲዮውን ከመጥፋቱ በፊት ስልኳ ላይ ማስቀመጧ በጀ፤ አሁን ከገጻቸው ላይ የለም።

ስለ ዕቃው ሐሰተኛነት በእርግጠኝነት የምለው የለኝም፤ ብልቃጡ ስም አልነበረውም። ግን ስሙ በታወቀ ብራንድ ተመስሎ የሚሠራ ዕቃ በየገበያው ሞልቷል፤ የእኛ አገር ችግርም ብቻ አይደለም። በ2018 እ.ኤ.አ. የሎስ አንጀለስ ፖሊስ 700,000 ዶላር የተገመተ አስመስለው የሠሩት ሜካፕ ይዞ ነበር። ሲመረመር ባክቴሪያና የሰውና የእንስሳት ዓይነ ምድር ተገኘበት። ይህ ዓይን ሥር ይቀባል ብላችሁ አስቡት። ስለዚህ ሙከራው ላይ ዕቃዎቹን ፎቶ አንሱ፤ ብልቃጡንና ከኋላው የተጻፈውን ጭምር። የተከፈተ ቆርቆሮ ስዕል አጠገብ «12ኤም» ወይም «6ኤም» የሚል ታያላችሁ። ከተከፈተ በኋላ የሚቆይበት ወር ነው። ማስካራ ከሁሉም ቶሎ ያረጃል። ባለሙያዋ ብትቀየም ትቀየም።

የላሹን (የሰው ሠራሽ ሽፋሽፍቱን) ማጣበቂያም ቀድማችሁ ሞክሩ። ብዙዎቹ ላቴክስ አላቸው፤ ላቴክስ የማይስማማው ሰው ዓይኑ ያብጣል። ከክንድ ውስጠኛ ጎን ትንሽ ቀብታችሁ አንድ ሁለት ቀን ጠብቁ።

ሙከራውን ራሱ ደግሞ ጠዋት አሠርታችሁ ቀኑን ሙሉ ዋሉበት። ፀሐይ ላይ ሂዱ፣ ታክሲ ተጋፉ፣ ምሳ ብሉ፣ እናታችሁ ጉንጫችሁን ትሳማችሁ። ማታ አፍንጫችሁንና አገጫችሁን እዩ። ሰርጉ ያለበት ከተማ ላይ ጥሩ ባለሙያ ካለች ደግሞ መጀመሪያ እሷን ጠይቁ። አርባ ምንጭ ወይም ድሬዳዋ የምትሠራ ሴት ላብ ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ትኬትም አይቆረጥላትም። እኛ ዘንድ «ከአዲስ አበባ ካልመጣ» የሚል ነገር አለ፤ ለዲኮርም ለኬክም እንዲሁ ነው። ዱባይ፣ ጅዳ ወይም ቴል አቪቭ ሆናችሁ በበጋቸው የምትሞሸሩም ይህን አስቡበት። የባሕሩ ጠረፍ እርጥበት ከኤሲ አዳራሽ ውጭ ለፎቶ ስትወጡ ነው የሚጠብቃችሁ።

ገንዘባችሁን የምታወጡት ደግሞ «24 ሰዓት» በሚለው ቃል ላይ ባይሆን ይሻላል። አብራችሁ በምትውል ሰው ላይ አውጡት። ለዕቃው ተብሎ በተጨመረብን ብር አንዲት ባለሙያ እስከ ማታ ብትቀመጥ ኖሮ፣ ላቡን እያደረቀች፣ ሊፕስቲኩን እየመለሰች፣ ነገሩ ሁሉ ሌላ ይሆን ነበር።

ቀብድ ከፍላችሁ ከሆነ ደግሞ ገና አልረፈደም። ስልክ አትደውሉ፣ ጻፉ። የአክስቴ ልጅ ታናሽ እህት አሁን ለራሷ ሰርግ ለሌላ ሳሎን የላከችው ይህ ነው፤ ቀኑንና ስሙን ቀይራችሁ ላኩት፦

«ሰላም ነው? በቴሌብር የከፈልኩት ቀብድ ለሙሽራ ሜካፕ መሆኑን አረጋግጡልኝ። የምትሠራኝ እገሊት ራሷ መሆኗን፣ ሙከራው ላይ ፎቶ ያነሳኋቸው ዕቃዎች መሆናቸውን፣ እስከ ማታ 2 ሰዓት አብራኝ እንደምትውልና ለዚህ ተጨማሪ ክፍያ እንደሌለ በጽሑፍ መልሱልኝ። እገሊት መምጣት ካልቻለች ቀብዴ በእጥፍ ይመለስልኛል። ቀሪውን የምከፍለው መልሳችሁን ካየሁ በኋላ ነው፤ ደረሰኝም እፈልጋለሁ።»