ሻኛ የሌላቸው ላሞች

ባህር ዳር አንድ ማተሚያ ቤት የካሚል ፒሳሮን የላሞች ሥዕል በሸራ አሳትሜ ሳሎን ሰቀልኩት። ፒሳሮ እ.ኤ.አ. ከ1874 እስከ 1886 ፓሪስ ላይ በታዩት ስምንቱም የኢምፕሬሽኒስቶች (የብርሃንን ቅጽበታዊ ገጽታ በብሩሽ ጭረት የሚሥሉ ሠዓሊዎች) ዐውደ ርዕዮች ላይ የተሳተፈ ብቸኛው ሠዓሊ ነው።

ከሩቅ ላሟ ሣር ትግጣለች። ጠጋ ስትሉ ላም የለችም፣ የብሩሽ ጭረት ብቻ፤ ጥላው ራሱ ጥቁር ሳይሆን ወደ ወይን ጠጅ ያደላ ነው፣ ልክ እንደኛ መስክ ማታ ማታ።

ኅትመቱ ግን አናደደኝ። አረንጓዴው ጠቁሮ የክረምት ጭቃ መስሏል፣ የፍሬሙም አንድ ጥግ አልገጠመም። አስተካክሉልኝ ብል «ኦሪጅናሉም እንዲህ ነው» ተባልኩ። ኧረ በጊዮርጊስ!

አባባ ከዳንግላ መጥተው ዐዩት። «ሻኛቸው የታለ?» አሉ። የፈረንሳይ ከብት ሻኛ የለውም ብላቸው ሳቁ። ቡናቸውን ግን እዚያው ፊቱ ቁጭ ብለው ጠጡ።

ለሥዕሉ አምስት ኮከብ፣ ለማተሚያ ቤቱ ሁለት።