ለኤ ፕላስ ፈተና ላበቁኝ መምህሬ፤ ምስጋናና ጥቆማ

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው ለምትኖሩ፣ በተለይም በኮምፒውተር ጥገናና በሄልፕ ዴስክ (ኮምፒውተር ተጠቃሚዎችን በመርዳት) ሥራ ለመጀመር፣ የኮምፒውተር ሙያ ምስክር ወረቀት የሚሰጠው ድርጅት የኮምፕቲያን ባለ ሁለት ክፍል የኤ ፕላስ ፈተና ለመውሰድ ለምታስቡ ወገኖቼ ይህን የምጽፈው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው ቤታቸው ቤዝመንት ቅዳሜና እሑድ እያስተማሩ ለሁለቱም ፈተናዎች ያበቁኝን መምህሬን በአደባባይ ለማመስገንና ለእናንተም ለመጠቆም ነው።

ወደ እሳቸው ከመሄዴ በፊት ስሙን በማልጠቅሰው ማሠልጠኛ ከፍዬ ሦስት ወር ተምሬ ነበር፤ ትምህርቱ ግን ከየትም የተለቀሙ የፈተና ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው መሸምደድ ነበር። በዚህ መንገድ የተዘጋጀ ተፈታኝ በኮምፕቲያ ደንብ ምስክር ወረቀቱን ሊነጠቅ እንደሚችል እንኳ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ለመጀመሪያው ፈተና ስቀመጥ ገና ከመግቢያው የመጡት በተግባር እየሠሩ የሚመለሱ ጥያቄዎች ስለ ነበሩ የሸመደድኩት ሁሉ ከንቱ ሆነ፤ ማለፊያው 675 ሆኖ ሳለ 588 አምጥቼ ወጣሁ። ከ200 ዶላር በላይ የተከፈለበት ነገር በ90 ደቂቃ ውስጥ ሲቀልጥ ማየት፣ በፓርኪንግ የሌሊት ፈረቃ ቤተሰብ ለሚያስተዳድር ሰው ከባድ ነው።

መምህሬ በመጀመሪያው ቀን መጽሐፍ አላስገለጡኝም። አንድ አሮጌ ዴል ኮምፒውተር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ካቻቢቴ ሰጡኝና «ክፈተው ልጄ» አሉኝ። ራሙን (የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማስታወሻ) አስነቅለው ካስነሡት በኋላ የሚያሰማውን ጩኸት እንዳደምጥ አደረጉ። በፕሮሰሰሩ ላይ የሚደረገውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ሳበዛው አስጠርገው እንደገና አስጀመሩኝ፤ የምስር ፍሬ የምታህል ጠብታ ትበቃ ኖሯል።

ኔትወርክ ላይ ስንደርስ ከራሴ ሥራ ተነሥተው አስረዱኝ። ዲኤችሲፒ የሚባለው የኔትወርክ አገልግሎት ለየኮምፒውተሩ አድራሻ የሚያድለው፣ እኔ በፓርኪንግ ጋራዡ በር ለሚገባው መኪና ሁሉ ቲኬት እንደምሰጠው ነው፤ ጊዜው ሳይታደስ ሲያበቃም ቁጥሩ ለሌላ ሊተላለፍ ይችላል። የሚያድል ሲጠፋ ዊንዶውስ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ለራሱ ይይዛል። ይህ ነገር በአዲሱ ሥራዬ በሁለተኛው ሳምንት ጠቀመኝ፤ የአንዲት ባልደረባችን ኮምፒውተር ኢንተርኔት እምቢ ሲል ያንኑ ቁጥር አየሁ፣ ከጠረጴዛዋ ሥር ጎንበስ ብዬ ስፈልግም ኮምፒውተሩ የተሰካባትን ትንሿን ስዊች (የኔትወርክ ገመድ ማከፋፈያ) ከግድግዳው የኔትወርክ መሰኪያ ተነቅላ አገኘኋት።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ግን ስለ ደብተሩ ነው። ኮምፕቲያ ብልሽትን ለመፍታት ካስቀመጣቸው ስድስት ደረጃዎች የመጨረሻው፣ የታየውንና የተሠራውን በጽሑፍ ማስፈር ነው፤ ብዙዎች የሚዘሉትም ይህንኑ ነው። እሳቸው ግን የጠገንኩትን ማሽን ምልክት፣ መንስኤና መፍትሔ ካልጻፍኩ ወደ ቤቴ አያሰናብቱኝም ነበር። አሁን በሥራዬ ቲኬት (የተመዘገበ የጥገና ጥያቄ) ስዘጋ አለቃዬ የሚያመሰግነኝ በዚያ ልማድ ነው።

የተፈተንኩት እ.ኤ.አ. በ2025 ሥራ ላይ በዋሉት፣ መለያ ቁጥራቸው 220-1201 እና 220-1202 በሆኑት ፈተናዎች ሲሆን 741 እና 733 አምጥቻለሁ፤ የሁለተኛው ማለፊያ 700 ነው። አንዱን በ2025 ከተቋረጠው ከቀድሞው ዙር፣ ሌላውን ከአዲሱ መቀላቀል ስለማይቻል ቁጥሩን አስተውሉ። ምስክር ወረቀቱ ለሦስት ዓመት ያገለግላል።

በአንድ ወር ፈተና ላይ መቀመጥ ለሚፈልግ ሰው እሳቸውን አልጠቁምም፤ እኔን አምስት ወር አስተምረውኛል፣ ዝግጁ ነህ ሳይሉኝም ቀጠሮ እንድይዝ አልፈቀዱልኝም። በአንድ ጊዜ ከአራት ሰው በላይ ስለማይቀበሉም ወረፋ ሊኖር ይችላል። መምህሬ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ በልጆቼ ፊት በኩራት የምቆምበትን ሥራ ያገኘሁት በእርስዎ ትዕግሥት ነው።

ስልካቸውን እዚህ መለጠፍ ስላልፈለግኩ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ስትሄዱ ደብተር መያዝ አትርሱ።