ጥቁሩ የችግኝ ላስቲክ በጎንደር በጋ

በጥቅል መጥቶ እየተቆረጠ የሚሸጠውን ጥቁር የችግኝ ላስቲክ በዋጋ የሚስተካከለው የለም። ለክረምት ችግኝም እንከን አይወጣለትም። ከየካቲት እስከ ግንቦት ጎንደር ላይ ቲማቲምና ቃሪያ ለሚያፈላ ሰው ግን እንዲያው ሞልተው ሊያቆሙት የሚችሉት ዕቃ አይደለም።

ጉዱ ያለው ጎኑ ላይ ነው። ከተማው 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ጥላ ሥር ያለው አየር ያን ያህል አይከብድም፤ ፀሐዩ ግን ያረፈበትን ጥቁር ነገር ያግለዋል። ከሰዓት በኋላ ወደ ምዕራብ የዞረውን የላስቲኩን ጎን ቢነኩት ይፋጃል፤ በዚያ በኩል ያሉት ቀጫጭን ሥሮች ይሞታሉ። ቅጠሉ ሲጠወልግ ውሃ አንሶት ነው ተብሎ ይጨመርለታል፤ የተረፈው ሥር ደግሞ በውሃ ብዛት ይበሰብሳል። ስለዚህ ቀትር ላይ የጠወለገ ቲማቲም ካዩ መጀመሪያ ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ያስገቡ። እርጥብ ከሆነ ጥላ ብቻ ይስጡት፣ ማታ ይነሣል።

ላስቲኮቹን ለየብቻ አያቁሙ። ባዶ የቢራ ሳጥን (ዳሽን በሚጠመቅበት ከተማ መቼም አይጠፋም) ውስጡን በማዳበሪያ ጆንያ አልብሰው፣ አጠጋግተው ደርድረው፣ ክፍተቱን በአሸዋ ይሙሉት። አሸዋውን ሲያርሱት ጎኑ ይቀዘቅዛል። ሳጥኑን ሊሾ በረንዳ ላይ በቀጥታ ማስቀመጥ ከታችም ማቃጠል ስለሆነ ሁለት ጡብ ከሥሩ ያስገቡ።

ከጥቅሉ የተቆረጠው ላስቲክ እንደ ቱቦ ሁለቱም ጫፉ ክፍት ነው፤ ግርጌ የለውም። የታችኛውን 3 ሴንቲ ሜትር በእርጥብ አፈር ጠቅጥቀው፣ ከዚያ በላይ ያለውን ሳይጠቀጥቁ ይሙሉ፤ ከአፉ 2 ሴንቲ ሜትር ለውሃ ይተዉ። አፈሩ ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ ቢሆን ጥሩ ነው። ዋልካ ብቻውን አይሆንም፤ ሲደርቅ ይኮማተርና ከላስቲኩ ይላቀቃል፣ የሚያጠጡት ውሃም በጎን ሾልኮ ይወርዳል። ከላይ የረጠበ ይመስላል፣ ሥሩ ጋ ግን ጠብታ አልደረሰም። እንዲህ ከሆነ ከላይ ማፍሰሱን ትተው ላስቲኩን ጥቂት ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ 20 ደቂቃ ያቁሙት። ዩሪያ በዚህ ዕድሜው አያስጠጉት።

ችግኙ አራት አምስት እውነተኛ ቅጠል (ሲበቅል ከሚወጡት ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅጠሎች ቀጥሎ የሚመጣውን) ካወጣ በኋላ ላስቲኩ ይጠበዋል፤ በዚያ ሙቀት ጠዋት የጠጣው ውሃ እስከ ማታ አይቆይለትም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቢጫው የ5 ሊትር የዘይት ጀሪካን የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። አንገቱን ቆርጠው ግርጌውን በጋለ ሚስማር አምስት ስድስት ቦታ ይብሱት። አፈሩ ብዙ ስለሆነ እርጥበት ያቆያል፣ ቀለሙም እንደ ጥቁሩ ሙቀት አይስብም። ሲያዛውሩ ላስቲኩን በምላጭ ሰንጥቀው ይግፈፉት እንጂ ችግኙን አንገቱን ይዘው አይጎትቱ። ማታ ያዛውሩና ለአንድ ሳምንት በጆንያ ጥላ ሥር አቆይተው ቀስ በቀስ ፀሐይ ያስለምዱት።

ሲገዙ ጥቅሉን ጫፉ ላይ በሁለት አውራ ጣት ወጠር ያድርጉት። ወዲያው ነጥቶ የሚለጠጠው ስስ ስለሆነ ችግኙ ለመዛወር ሳይደርስ ፀሐይ ይበጣጥሰዋል።