ቲክቶክ ወይስ ቴሌግራም? ለማስታወቂያ ሳይከፍሉ ስም ማስጠራት

ልብስ ሰፊ ነህ እንበል፤ ለማስታወቂያ የሚወጣ ብር የለህም። ቲክቶክ ላይ ብዙ ተከታይ ባይኖርህም ቪዲዮህ የማያውቅህ ሰው ስልክ ላይ ሊወጣ ይችላል። የሀበሻ ቀሚስ ጥለት ስትሰፋ እጅህና መርፌው ብቻ የሚታዩበት 20 ሰከንድ ይበቃል። ችግሩ፣ ዛሬ ያየህ ነገ ይረሳሃል።

የቴሌግራም ቻናል እንግዳ ፈልጎ አያመጣልህም። ሊንኩን አንተው ማዞር አለብህ። የገባ ሰው ግን የዛሬ ዓመት የሰፋኸውን ቀሚስ ከነዋጋው እዚያው ያገኘዋል። ሙሽራ ደግሞ በአንድ ቀን አትወስንም፤ ፎቶውን ለእናቷ ትልካለች፣ ከእህቷ ጋር ትከራከራለች (አማት ሳትቆጠር)።

ጊዜዬ ለአንዱ ብቻ ቢበቃ ቴሌግራምን እመርጣለሁ። ቲክቶክ ላይ «ዋጋው ስንት ነው?» የሚል ኮመንት ስንት ጊዜ መልስ አጥቶ ሲቀር አይቻለሁ።