የዓይኔን ብርሃን ላተረፈችልኝ ዶክተር

ይህን የምጽፈው በሁለቱም ዓይኖቼ እያየሁ ነው። የዛሬ ስምንት ወር እንዲህ ማለት አልችልም ነበር።

በግራ ዓይኔ ነው የጀመረኝ። ቀላ፣ ጠዘጠዘኝ፣ ብርሃን ባየሁ ቁጥር እንደ መርፌ ይወጋኛል። ቆይቶ ጉም የመሰለ ነገር ጋረደኝ። የሄድኩባቸውን ቦታዎች ስም አልጠራም። አንዱ ጋ አለርጂ ነው ተባልኩ። ሌላው ጋ ስልክ ስለምታበዢ ነው ተባልኩ። ሦስተኛው ደግሞ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ጠብታ ጻፈልኝ። በጠብታ ላይ ጠብታ፣ ሁለት ወር ሙሉ! አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል፤ እኔ ወረፋ ስጠብቅ ዓይኔ ከውስጥ እየተጎዳ ነበርና።

እሷ ጋ የሄድኩት ተስፋ ቆርጬ ነው። ዓይኔን በእጄ ከልዬ ስገባ አየችኝ። ገና አንድ ቃል ሳልተነፍስ ተነስታ መብራቱን አጠፋችው። እንባዬ መጣ። በመሣሪያው ረጋ ብላ አየችኝና ያልጠበቅኩትን ጠየቀችኝ፦ «እህቴ፣ ጠዋት ስትነሺ ወገብሽን ይዞ አልለቅም ይልሻል?»

ደነገጥኩ። ወገቤ ስንት ዓመቱ! ፍራሽ ቀይሬለታለሁ፤ ከዓይኔ ጋር ግን አገናኝቼው አላውቅም። ማንስ ያገናኘዋል?

ዩቪያይተስ ይባላል አለችኝ፣ የዓይን የውስጥ ክፍል ሲቆጣ ማለት ነው። የሰውነት መከላከያ በገዛ አካሉ ላይ ሲነሳ ዓይንንም መገጣጠሚያንም ሊያስቆጣ ይችላል። ኤችኤልኤ-ቢ27 የሚባል፣ ከእንዲህ ዓይነቱ የዓይንና የወገብ ሕመም ጋር የሚያያዝ በዘር የሚወረስ ምልክት የሚፈልግ የደም ምርመራ አዘዘች፣ ተገኘብኝ። ለመገጣጠሚያ ሐኪም ራሷ ደውላ ቀጠሮ አስያዘችልኝ፣ ራሷ! የቀረውን ማብራሪያ እውነቱን ለመናገር አልያዝኩትም። የያዝኩት ይህን ነው፦ ቁጣውን የሚያበርደው የስቴሮይድ ጠብታ መጀመሪያ በየሰዓቱ ነው፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ይቀነሳል፣ ተሻለኝ ብሎ በራስ ማቆም የለም። ሌላኛው ጠብታ ብሌኔን ያሰፋዋል፣ ውስጡ እንዳይጣበቅ።

ሰዓቱን ሁሉ በነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር ማርከር ጻፈችልኝ። ፊደሎቹ የጣት ርዝመት ነበራቸው። «በደህናዋ ዓይንሽ አትጨናነቂ» አለችኝ። ያ ወረቀት እስካሁን ግድግዳዬ ላይ አለ፣ አሁን በግራ ዓይኔ ብቻ ከአልጋዬ ላይ ሆኜ አነበዋለሁ።

እባካችሁ፣ ዓይናችሁ ቀልቶ ካመማችሁ፣ ብርሃን ካስጠላችሁ፣ እይታችሁ ከደበዘዘ አትቆዩ። ያን ዕለት ሂዱ። የወገብ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የሚመላለስ የአፍ ቁስል ወይም ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ በገዛ አካሉ ላይ የሚነሳበት ሌላ በሽታ) ካለባችሁ ሳትጠየቁም ተናገሩ። ተመልሶ ሊመጣ ይችላል ብላኛለች። ከመጣ አንድ ቀን አላድርም፣ ቀጥታ እሷ ጋ ነኝ።

ስሟን እዚህ ያልጻፍኩት ሳላስፈቅዳት እንዳይሆን ብዬ ነው። የቸገራችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እነግራችኋለሁ። ጎበዝ ናት፣ ሰው ናት፣ ደግሜ እላለሁ ጎበዝ ናት። ዶክተርዬ፣ ይህን ካነበብሽው፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ!