የምግብ መረጃ የሚይዙ ኤአይ ኤጀንቶች የሚጠቀሙባቸው መሣሪያዎች ሲገመገሙ

አንድ ኤአይ ኤጀንት (መሣሪያዎችን እየጠራ በራሱ ሥራ የሚያከናውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም) የተጠቃሚውን አመጋገብ እንዲከታተል ሲደረግ ሁለት ዓይነት መሣሪያ ያስፈልገዋል፤ የምግቡን ይዘት የሚፈልግበትና የተበላውን የሚመዘግብበት። ለፍለጋው ብዙ ፕሮግራመሮች የሚመርጡት የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2019 ሥራ ያስጀመረውን የምግብ መረጃ ቋት ፉድዳታ ሴንትራል ወይም እ.ኤ.አ. በ2012 ፈረንሳይ ውስጥ የተመሠረተውንና በፈቃደኞች የሚሞላውን ኦፕን ፉድ ፋክትስን ነው። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። እዚህ የምመዝናቸው ግን በመረጃቸው ብዛት ሳይሆን፣ ኤጀንቱ እንዳይሳሳት ምን ያህል ያግዙታል በሚለው ነው። ሰው ግራ ሲገባው የሥራ ባልደረባውን ይጠይቃል፤ ኤጀንቱ ግን የሚመራው በመሣሪያው ስም፣ በአጭር መግለጫውና በግቤቶቹ ስኪማ (መሣሪያው የሚቀበላቸውን መረጃዎች ስምና ዓይነት በሚወስነው ዝርዝር) ስለሆነ፣ እዚያ ያልተጻፈውን በግምት ይሞላዋል።

ፉድዳታ ሴንትራል በቤተ ሙከራ ትንተና ላይ የተመሠረቱ መዝገቦች ስላሉት ላልታሸጉ ምግቦች የተሻለ ምርጫ ነው። ችግሩ የሚጀምረው የታሸጉ ምርቶች ላይ ነው፤ በአንዱ ምላሽ ውስጥ የንጥረ ነገሮቹ ዝርዝር በ100 ግራም ወይም በ100 ሚሊ ሊትር ሲሰላ፣ ከማሸጊያው የተወሰደው ክፍል ደግሞ በአንድ ጊዜ መመገቢያ መጠን ይሰላል። ሁለቱን ያልለየ ኤጀንት ትክክለኛ ቁጥር አንብቦ የተሳሳተ መዝገብ ይጽፋል። ኃይልም በኪሎካሎሪና በኪሎጁል ጎን ለጎን ሊቀርብ ስለሚችል፣ አሃዱን ሳያይ ቁጥሩን ብቻ የወሰደ ኤጀንት ከአራት እጥፍ በላይ ይስታል፤ አንድ ኪሎካሎሪ 4.184 ኪሎጁል ነውና። ከዚህ በተጨማሪ ሙሉው ምላሽ ረጅም ስለሆነ፣ ኤጀንቱ በአንድ ጊዜ ሊያነብ የሚችለውን የጽሑፍ መጠን ያለ ጥቅም ያጣብባል። ኤፒአዩ (ፕሮግራሞች ከመረጃ ቋቱ መረጃ የሚጠይቁበት መንገድ) እስከ 25 ንጥረ ነገሮችን ብቻ መርጦ ማምጣት ይፈቅዳል፤ ይህን አማራጭ ሳይጠቀም ጥሬውን ምላሽ ለኤጀንቱ የሚያቀብል መሣሪያ ሥራውን በግማሽ እንደተወው እቆጥረዋለሁ።

ኦፕን ፉድ ፋክትስ በዚህ ረገድ የሚመሰገንበት ነገር አለው። የስሌቱ መሠረት በራሱ በመስኩ (ዋጋው በሚቀመጥበት የመረጃ ቦታ) ስም ላይ ስለሚጻፍ፣ በ100 ግራም የተሰላው በመመገቢያ መጠን ከተሰላው ጋር በቀላሉ አይምታታም፤ በባርኮድ መፈለግም ስምን ከመገመት ያድናል። መረጃው ከፈቃደኞች ስለሚሰበሰብ ግን ያልተሞሉ መስኮች ያጋጥማሉ፤ የመሣሪያው መግለጫም የሌለ ዋጋ ዜሮ ማለት አለመሆኑን በግልጽ ሊናገር ይገባል። ጨውና ሶዲየምም በየራሳቸው መስክ ይቀመጣሉ፤ አንዱን በሌላው ቦታ የወሰደ ኤጀንት ድምሩን በሁለት ተኩል እጥፍ ያዛባዋል።

ጥሬና የበሰለ ምግብ መለየት በሁለቱም ላይ የሚነሳ ጥያቄ ነው። ምግብ ሲበስል ውኃ ይጠጣል ወይም ያጣል፤ ስለዚህ መግለጫው ተጠቃሚው የመዘነው የትኛውን እንደሆነ ኤጀንቱ አስቀድሞ እንዲጠይቅ ማዘዝ አለበት።

የመመዝገቢያው መሣሪያ ከፍለጋው ይልቅ ጥንቃቄ ይሻል፤ ምክንያቱም መረጃ ይለውጣል። የኤአይ ኩባንያው አንትሮፒክ እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2024 ይፋ ያደረገው፣ ኤጀንቶችን ከመሣሪያዎች ጋር የሚያገናኘው ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል፣ አንድ መሣሪያ የሚያነብ ብቻ፣ የሚያጠፋ ወይም ደጋግመው ቢጠሩት ተጨማሪ ለውጥ የማያመጣ መሆኑን የሚጠቁሙ ምልክቶች አሉት። ጠቃሚ ናቸው፤ ሆኖም ጥቆማ እንጂ ዋስትና አይደሉም። መዝገቡ ገብቶ ምላሹ በኔትወርክ መቋረጥ ቢቀር ኤጀንቱ መልሶ መሞከሩ አይቀርም፤ መሣሪያው ለእያንዳንዱ ጥያቄ ልዩ መለያ ካልተቀበለ አንዱ ምሳ ሁለት ሆኖ ይመዘገባል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የተበላው ለየትኛው ቀን እንደሚቆጠር፣ በየትኛውስ የሰዓት ክልል እንደሚሰላ በስኪማው ካልተወሰነም የቀኑ ድምር አይታመንም።

እነዚህን መሣሪያዎች ለመፈተን ኤጀንቱ ትክክለኛውን መሣሪያ መጥራቱን ማየት በቂ አይደለም፤ ከጥሪዎቹ በኋላ መዝገቡ ውስጥ የተገኘው ከሚጠበቀው ጋር መነጻጸር አለበት። ለዚህ አንድ ርካሽ ማጣሪያ አለ፤ ፕሮቲንና ካርቦሃይድሬት በግራም 4፣ ቅባት 9 ኪሎካሎሪ ይሰጣሉ ተብሎ የሚሰላው ድምር ከተመዘገበው ኃይል ጋር በእጅጉ ከተራራቀ፣ አሃዱ ወይም መጠኑ ተሳስቷል ብሎ መጠርጠር ይቻላል። አልኮል በግራም 7 ኪሎካሎሪ ስላለውና አሰርም (ፋይበር) ስሌቱን ስለሚያዛባ፣ መሣሪያው በልዩነቱ ምክንያት መዝገቡን ውድቅ ከሚያደርግ ይልቅ ኤጀንቱ ተጠቃሚውን እንዲጠይቅ የሚያሳስብ ማስጠንቀቂያ ቢመልስ ይሻላል።