የዶሮ ሽቦ፣ የብየዳ መረብ፣ የኤሌክትሪክ አጥር፣ አውቶማቲክ በር፦ ራኩንን የሚያስቆመው የትኛው ነው?

አሜሪካ ውስጥ በጓሯቸው ዶሮ ማርባት የጀመሩ ወገኖቻችን ከአገር ቤት የሚያውቁት የዶሮ ጠላት ሸለምጥማጥና ጭልፊት ነው። እዚያ ግን ቀዳሚው ራኩን የሚባለው፣ ዓይኑ ዙሪያ ጥቁር ጭምብል የመሰለ ምልክት ያለው የዱር እንስሳ ነው። ሌሊት ይወጣል፣ አጥር ይወጣል፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ የፊት እግሮቹን እንደ ሰው እጅ መጠቀሙ ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ «ጣት ሊከፍተው ወይም ሊያልፍበት ይችላል?» የሚለው ነው።

ከሽቦው እንጀምር፤ አብዛኛው ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነውና። በመደብሮች ጎን ለጎን ሁለት ዓይነት ጥቅል ይሸጣል። ባለስድስት ማዕዘኑና «የዶሮ ሽቦ» የሚባለው ርካሽና ለሥራ ቀላል ነው። ዶሮዋ እንዳትወጣ ያግዳል፤ ራኩን ግን ይቀደዋል። ባይቀደው እንኳ በቀዳዳው እጁን አስገብቶ ሽቦው አጠገብ ያንቀላፋችውን ዶሮ ይይዛል። ሁለተኛው፣ የብየዳ መረብ የምለው፣ ባለአራት ማዕዘን ሆኖ መገናኛዎቹ በብየዳ የተያያዙ ነው። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ለመቁረጥም ጠንካራ መቁረጫ ይፈልጋል፤ የሌሊት ማደሪያ ላይ ግን ከዚህ ሌላ አይመከርም። ቀዳዳው 13 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ ቁጥር (ጌጅ) 19 የሆነውን ይምረጡ። ቁጥሩ ሲጨምር ሽቦው እንደሚቀጥን ልብ ይበሉ፤ በርካሽ የሚቀርበው ቁጥር 23 በስም አንድ ቢሆንም በጥንካሬ አይደርስበትም። ጥሩውን መረብ ገዝቶ በቀጭን ስቴፕል ብቻ መምታትም ከንቱ ነው፤ በብሎንና በሮንዴላ ይጠበቅ። ከግድግዳው ሥር ወደ ውጭ ከ30 እስከ 60 ሳንቲሜትር መሬት ላይ ቢነጠፍ ቀበሮና ሌላ ቆፋሪም መግቢያ ያጣል።

መዝጊያ ከሁሉም ርካሹ፣ ከሁሉም የሚረሳው ነው። መንጠቆና ቀለበት ብቻ ከሆነ ራኩን ይከፍተዋል። መቀርቀሪያ ላይ ሞላ ያለው መንጠቆ መጨመር በጥቂት ዶላር ሥራውን ይሠራል። ጓጉንቸር ቁልፍ የበለጠ አስተማማኝ ነው፤ በየማለዳው ቁልፍ ፍለጋ የሚያሰለች ግን እኔ ብቻ አልመስለኝም።

ማታ ራሱ የሚዘጋ፣ ጠዋት ራሱ የሚከፈት አውቶማቲክ በር ከ100 እስከ 250 ዶላር ያስወጣል። ጠዋት ማታ ቤት ላለ ሰው ቅንጦት ነው። ማታ ታክሲ ለሚነዳ ወይም በሆስፒታል የሌሊት ተራ ለሚሠራ ግን ከብዙ ዕቃ በፊት ይገዛል፤ መረቡ ምንም ያህል ቢጠነክር በሩ ክፍት ካደረ ዋጋ የለውም። በሰዓት ከሚሠራው ይልቅ በብርሃን የሚሠራውን እመርጣለሁ። ሲያትል ላይ በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትጠልቃለች፣ በሰኔ አጋማሽ ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ፤ ባለሰዓቱን በየወቅቱ ማስተካከል የግድ ነው። በሁለቱም ዘንድ ያለው ጉድለት ዘግይታ የመጣችን ዶሮ ውጭ ዘግቶ ማስቀረቱ ነው። የበሩ ሳንቃ ከታች በጣት ተገፍቶ እንዳይነሳ ራሱን የሚቆልፍ መሆኑን ሳያረጋግጡ አይክፈሉ።

ተንቀሳቃሹ የኤሌክትሪክ መረብ ቁመቱ ብዙውን ጊዜ 1.2 ሜትር ያህል ነው፤ ከኃይል መስጫው ጋር ከ300 ዶላር በላይ ሊደርስ ይችላል። ሰፊ መሬት ላለው ገበሬ ግሩም ነው፦ ራኩን፣ ቀበሮ፣ ኮዮቴ (ተኩላ መሰል የሰሜን አሜሪካ አውሬ)፣ የባዘነ ውሻ ይርቃሉ። ሣር ከነካው ግን ኃይሉ ይዳከማል፤ ስለዚህ ዘወትር ማጨድ አለ። ሕፃናት ለሚሯሯጡበት ጠባብ የከተማ ጓሮ አልመርጠውም፤ የከተማው ደንብም ሊከለክለው ይችላል። ለጭልፊትና ለጉጉት ደግሞ ምንም አይፈይድም። እነዚህን አእዋፍ መግደል እ.ኤ.አ. በ1918 በወጣው የፌዴራል ሕግ የተከለከለ ስለሆነ መፍትሔው ከላይ መረብ መዘርጋት ብቻ ነው።

ብልጭ የሚሉ መብራቶችን ራኩን ቶሎ ይለምዳቸዋል። ካሜራውም ቢሆን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ወጥመድ ለመግዛት የሚያስቡ ከሆነ ይቆዩ፦ በብዙ ግዛቶች የተያዘን ራኩን ወስዶ ሌላ ቦታ መልቀቅ ሕገ ወጥ ነው፤ በምሥራቅ አሜሪካ ደግሞ ራኩን ከእብድ ውሻ በሽታ ዋና ተሸካሚዎች አንዱ ነው። ያ ገንዘብ ክዳኑ ጥብቅ የሆነ የብረት የመኖ በርሜል ቢገዛ ይሻላል፤ ማታ ውጭ የቀረ ጥራጥሬ ራኩኑንም አይጡንም ይጠራልና።